ሥዕሉ የኮርማ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክቡር አዘጋጅ፣ በቅርቡ በሳይንስ ገጻችሁ ስለ ባሕር ቀንድ አውጣዎች መራባት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ቅሬታዬ ከጎኑ ባስቀመጣችሁት ሥዕል ላይ ነው። ከሥሩ «የቀንድ አውጣ የወንዴ ዘር» ይላል። የተሳለው ግን ሞላላና ጠፍጣፋ ራስ፣ አጭር አንገትና ረጅም ጅራት ያለው ነገር ነው። እሱ የኮርማ ነው። የበግ ነው የሚለኝ ካለ እሰማዋለሁ። የቀንድ አውጣ ነው የሚለኝን ግን አልሰማም።

ደግሞ አንተ ማን ነህ ትሉኝ ይሆናል። ጡረታ የወጣሁ የከብት አዳቃይ ነኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። መጀመሪያ ቤተ ሙከራ ውስጥ የኮርማ ዘር በማይክሮስኮፕ ስመረምር ቆየሁ። ኋላ ወደ ገጠር ወጣሁ። በባሶና ወራና፣ በአንጎለላ፣ በጣርማ በር በኩል የኮርማ ዘር ቀዝቅዞ የሚቆይበትን የናይትሮጅን ዕቃዬን ሞተር ላይ አስሬ «ላሜ ኮርማ ፈለገች» ያለኝን ገበሬ ሁሉ ደጅ ስረግጥ ኖርኩ። ያንን ሥዕል ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብታሳዩኝም አውቀዋለሁ።

የቀንድ አውጣውን ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ባዮሎጂ አጥንታለች። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን «አባዬ፣ አንተ የላምና የኮርማ ነገር ብቻ አይተህ ሁሉን ያየህ ይመስልሃል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በቴሌግራም የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶዎችና ጽሑፎች ትልክልኛለች። እንግሊዝኛው ሲከብደኝ ደውላ ታስረዳኛለች። እኔም ነገሩ ያዘኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አንባቢ እንዳይምታታበት።

«ለደጋ ሰው የባሕር ቀንድ አውጣ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ዛጎል ያላየ የደጋ ሰው ግን የት አለ? መሶብ ላይ ተሰፍቶ፣ ሕፃን አንገት ላይ ታስሮ፣ የበቅሎ ጌጥ ላይ ተደርድሮ አይተነዋል። ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። ከሞቃት ባሕር ተለቅሞ፣ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፈ ነው እዚህ የደረሰው። ባሕሩ ራሱም ቢሆን ድሮ እዚህ ነበር። ወደ ጀማ ሸለቆ ስትወርዱ ከጥቁሩ ድንጋይ በታች የምታገኙት የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ከባሕር ሥር የተነጠፈ ነው። የባሕር እንስሳት ቅርፊት እዚያ ድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል።

ስለ ወንዴ ዘር በጋዜጣ ማውራት ነውር ነው የሚል አንባቢም ይኖር ይሆናል። እኔ በሥራዬ ዘመን ቄሱም፣ ባልቴቷም፣ ልጅ እግሩም በረት ውስጥ ቆመው ስለ ዘር ሲጠይቁኝ ያፈረ ሰው አልገጠመኝም። የከብት ነገር የኑሮ ነገር ነው። ስለዚህ ልቀጥል።

ከማውቀው፣ ከኮርማው ልጀምር። የኮርማ ዘር ከራሱ ጫፍ እስከ ጅራቱ መጨረሻ ወደ 70 ማይክሮሜትር ይሆናል። ማይክሮሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ራሱ ውስጥ በጣም ተጨምቆ የታሸገ ዲ ኤን ኤ አለ። ከፊቱ አክሮዞም የሚባል ቆብ ተደፍቶበታል፤ የእንቁላሉን ሽፋን ለማለፍ የሚረዳው ነገር ያለው እዚያ ነው። ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች በጅራቱ ዙሪያ ተጠምጥመዋል። እናቶቻችን ስፌት ሲሰፉ አለላውን በሣሩ ላይ እንደሚጠመጥሙት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጅራት ነው፤ ይገርፋል፣ ይዋኛል። ሰውም በግም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ሠዓሊዎች ሁሉ «የወንዴ ዘር ሳሉ» ሲባሉ ይህንኑ መሳላቸው ስለዚህ አይገርምም። በ1677 ሆላንዳዊው አንቶኒ ፋን ሌቨንሁክ ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ካየው ወዲህ በሰው ዓይን ውስጥ የቀረው መልክ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ እንሂድ። እዚያ ቀንድ አውጣዎች ዘራቸውን የሚያገናኙበት መንገድ በጥቅሉ ሁለት ነው። አንደኛው ወገን ተባዕቱም እንስቲቱም የየራሳቸውን ወደ ባሕር ውኃ ይለቃሉ። ዘሩ እንቁላሉን የሚያገኘው ከአካል ውጭ፣ ክፍት ውኃ ውስጥ ነው። አለት ላይ ተለጥፈው የሚኖሩት ቅርፊታቸው ቆብ የሚመስል ሊምፔቶች እንዲህ ናቸው። አባሎኒ የሚባለው፣ ሥጋው በውድ የሚሸጠው ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣም እንዲሁ ነው። የእነዚህ ዘር አጭርና ቀላል ነው። ራሱ ትንሽ ነው፤ ክብ ወይም ሾጠጥ ያለ። ከራሱ ሥር አራት ወይም አምስት የሚሆኑ ድቡልቡል ማይቶኮንድሪያዎች ጅራቱ የሚነሳበትን ቦታ ከበው ተቀምጠዋል። መጠምጠም የሚባል ነገር የለም። ከዚያ አንድ ቀጭን ጅራት ብቻ ነው። ይኸው ነው ዕቃው በሙሉ። የሚዋኘው ቀጭን የባሕር ውኃ ውስጥ ነው። ዕድሜውም አጭር ነው። ስንቅ ማብዛት አያስፈልገውም።

ቀላል ስላልኩ ግን እንዳትንቁት። የአባሎኒው ዘር አክሮዞም ባልኩት ቆቡ ውስጥ ላይሲን የሚባል ፕሮቲን ይዟል። አሜሪካ ውስጥ ስክሪፕስ በሚባለው የባሕር ጥናት ተቋም ቪክተር ቫኪዬና ባልደረቦቹ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ነገር ነው። የእንቁላሉ ሽፋን ከክሮች የተሠራ ነው። ላይሲን ክሮቹን አይቆርጥም፣ አያሟሟም። እርስ በርስ የተያያዙበትን ትስስር ያላላና እንዲለያዩ ያደርጋል፤ በሽፋኑ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ዘሩ በዚያ ይገባል። የሚገርመው፣ የአንዱ ዝርያ ላይሲን በደንብ የሚሠራው በራሱ ዝርያ እንቁላል ላይ ነው። የካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ላይ ብዙ የአባሎኒ ዝርያዎች በአንድ አካባቢ ይኖራሉ። የሁሉም ዘር ያው ውኃ ውስጥ ነው የሚፈሰው። እንግዲህ ማን የማን እንደሆነ የሚለየው አንዱ ነገር እዚያች ቆብ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው። እኔ ዝርያ ለመለየት ስትሮው ላይ፣ ማለትም ዘሩ የታሸገባት ቀጭን ቱቦ ላይ፣ የተጻፈውን ቁጥር ነበር የማነበው።

ሁለተኛው ወገን የሚገናኘው በአካል ነው። ተባዕቱ ዘሩን እንስቲቱ ውስጥ ያስገባል። ዛጎል የምንለው ከዚህ ወገን ነው። እንስቲቱ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ላዩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች፤ ዶሮ ብቻ አይደለችም የምትታቀፈው። መርዘኛው ኮን የሚባለው ቀንድ አውጣም፣ በባሕር ዳር ድንጋይ ላይ የሚርመሰመሰው ሊቶሪና የሚባለው ትንሹም ከዚሁ ናቸው። በእነዚህ ዘር ላይ የራሱ ቅርጽ ፈጽሞ ይለወጣል። ዲ ኤን ኤው ያለበት የራሱ ክፍል፣ ኒውክለሱ፣ ተስቦ ተስቦ እንደ ክር ይቀጥናል። በአንዳንዶቹ ላይ «ራሱ የቱ ነው? ጅራቱስ የቱ?» ብላችሁ ብትጠይቁ በተራ ማይክሮስኮፕ መለየት ያስቸግራል። ማይቶኮንድሪያዎቹ ድቡልቡል መሆናቸው ቀርቶ ረጃጅም ሆነው በጅራቱ ላይ ይጠመጠማሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ የኮርማ ዘር የሌለው ነገር አለ፦ በጅራቱ ዙሪያ በዘጠኝ ረድፍ የተደረደረ ግላይኮጅን። ግላይኮጅን የተጠራቀመ የስኳር ስንቅ ነው። መካከል ላይ ያለች አንዲት ቀለበት ማይቶኮንድሪያ ያለበትን ክፍል ስንቁ ካለበት ትለየዋለች።

ስንቁ ለምን አስፈለገ? እንስቲቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ባሕር ውኃ አይደለም፤ ይወፍራል። ቱቦው ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ደግሞ ብዙዎቹ እንስቶች የተቀበሉትን ዘር ወዲያው አይጠቀሙበትም፤ ለማቆያ በተሠራ ከረጢት ውስጥ ያስቀምጡታል። እኔ ዘር ለማቆየት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያስፈልገኝ ነበር። ናይትሮጅኑ ባለቀ ቁጥር ስንት ላም ያለ ተራዋ እንደቀረች እኔ ነኝ የማውቀው። ቀንድ አውጣዋ ያለ ምንም በረዶ ታቆየዋለች።

ይህን የመገናኛ ቦታና የዘር ቅርጽ ዝምድና በሰፊው ያሳየው ስዊድናዊው ኦኬ ፍራንዜን ነው። በ1956 ባወጣው ጥናት አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት ዘር ከብዙ ወገን ሰብስቦ አነጻጸረ። ውኃ ውስጥ የሚለቁት እርስ በርስ ሩቅ ዘመድ ሆነው ሳለ ዘራቸው ይመሳሰላል፤ አጭር ራስ፣ ጥቂት ድቡልቡል ማይቶኮንድሪያ፣ አንድ ጅራት። በአካል የሚገናኙት ደግሞ ዘራቸው የተራዘመና የተወሳሰበ ሆኖ ይገኛል። ልብ በሉ፣ የኔ ኮርማም ዘሩ የሚጓዘው ላሟ ውስጥ ነው፤ እሱም ማይቶኮንድሪያው ተጠምጥሟል። ከቀንድ አውጣው ጋር ሥጋ ዝምድና ስላላቸው አይደለም መጠምጠሙ። ሥራው ስለተቀራረበ ነው። የጋዜጣችሁን ሥዕል ሳይ የተናደድኩት ለዚህ ነው። የቅርጹን ነገር ስታስቀሩ ትልቁን ነገር ነው ያስቀራችሁት፤ ይህ ዘር የት ነው የሚሠራው የሚለውን።

ይሁን እንጂ የሚሠራበት ቦታ ብቻውን ሁሉን ነገር አይወስንም። የዘር ሐረግም የራሱን አሻራ ይተዋል። አውስትራሊያዊው ጆን ሂሊ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቀንድ አውጣዎችን ዘር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እየቆረጠ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ሴሪቲየም በሚባሉት ረጃጅም ባለሹል ቅርፊት ቤተሰቦች ማይቶኮንድሪያው አይጠመጠምም፤ አራት ሆነው ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። እነሱም በውስጥ የሚያዳቅሉ ናቸው። አብዛኞቹ ቅርፊት አልባ የሆኑት የባሕር ዝልግልጎችና የየብስ ቀንድ አውጣዎች የተሰባሰቡበት ወገን ደግሞ ሌላ ምልክት አለው፦ ማይቶኮንድሪያው እርስ በርሱ ተዋህዶ አንድ ረጅም አካል ሆኖ፣ ግላይኮጅኑ እሱ ውስጥ ጠመዝማዛ መስመር ሠርቶ ይሄዳል። ስለዚህ ቅርፊት አይተን የማን ወገን እንደሆነ ግራ ስንጋባ ዘሩ ይናገራል። ቅርፊት ያታልላል። ሁለት ዘመድ ያልሆኑ ቀንድ አውጣዎች ተመሳሳይ ኑሮ ስለኖሩ ተመሳሳይ ቅርፊት ሊያወጡ ይችላሉ። ሊምፔት ሳይሆን የሊምፔትን ቆብ ለብሶ የሚኖር ሌላ ወገን ሞልቷል። በዚህ ሥራ የዘሩ ውስጣዊ አሠራር ዛሬ የቀንድ አውጣዎች ዝምድና ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ሆኗል።

አሁን ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ወደገፋፋኝ ነገር ልምጣ። ሌላው ሁሉ ለዚህ መንደርደሪያ ነው ብትሉም አልቀየምም።

ቤተ ሙከራ ሳለሁ ከሥራዬ አንዱ ጉድለት መቁጠር ነበር። ከኮርማው የተወሰደው ዘር ስላይድ ላይ ይደረጋል። አይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክዬ ሁለት ጅራት ያለውን፣ ራስ የሌለውን፣ ጅራቱ የተጠቀለለውን እለቅማለሁ። ያ ሁሉ «ጉድለት» በሚለው ጎን ነው የሚመዘገበው። ጉድለቱ ከልክ ካለፈ ያ ዘር ይደፋል። ኮርማው ከተደጋገመበትም ከሥራ ይወጣል። ለእኔ ብዙ ጅራት ማለት እንግዲህ በሽታ ማለት ነበር።

በ1836 ጀርመናዊው ካርል ፎን ዚቦልት የአንድ የአውሮፓ ወንዝ ቀንድ አውጣ ዘር ሲመረምር ሁለት ዓይነት አገኘ። አንዱ ክር የመሰለ ነው። ሌላው ወፈር ያለ፣ ትል የመሰለ፣ በጫፉ ብዙ ጅራት ያለው ነው። ሁለቱም ከአንድ ቆለጥ ነው የሚወጡት። በ1903 ደግሞ ፍሪድሪክ ሜቭስ በዚሁ ቀንድ አውጣና በአንድ የእሳት ራት ላይ ነገሩን በጥልቀት አጥንቶ ዘሮቹን በኒውክለሳቸው መጠን ከፈላቸው፦ ሙሉ የያዙ፣ ጥቂት ብቻ የያዙ፣ ጨርሶ የሌላቸው። ኒውክለሱ ያልተሟላ ዘር እንቁላል ማዳቀል አይችልም። ልጅ ለመሥራት የሚያበቃ ዲ ኤን ኤ የለውም። ግን በስህተት የተሠራ አይደለም። ሥርዓት ባለው መንገድ፣ በየትውልዱ፣ ከሙሉው ዘር ጎን ለጎን ይመረታል። በብዙ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ላይም ተገኝቷል። ዛሬ ፓራስፐርም ይሉታል። እኔ ረዳት ዘር እለዋለሁ።

ረዳቱ ምን ይሠራል? እንደየቤተሰቡ ይለያያል። በሊቶሪና ረዳቶቹ ድቡልቡል ሴሎች ናቸው። ሙሉዎቹ ዘሮች ራሳቸውን እነሱ ላይ ተክለው፣ ጅራታቸውን ወደ ውጭ አድርገው በአንድነት ይሰበሰቡባቸዋል። በሰሜን ፓስፊክ በሚኖር ፉሲትራይተን በሚባል ፀጉራም ቅርፊት ቀንድ አውጣ ደግሞ ረዳቶቹ ራሳቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። ከአንድ ቆለጥ ሦስት መልክ ይወጣል ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጃንቲና የሚባለው ሐምራዊ ቀንድ አውጣ ነው። ይህ እንስሳ መሬት አይረግጥም። በዝልግልግ የተያያዘ የአረፋ መንሳፈፊያ ሠርቶ፣ ከእሱ ሥር ተንጠልጥሎ፣ ነፋስ ወደ ወሰደው እየሄደ በሞቃት ባሕሮች ላይ ይኖራል። ተባዕቱ ብልት የለውም። ታዲያ እንስቲቱ ዘንድ ዘሩ እንዴት ይደርሳል? ትልቅ ረዳት ዘር ይሠራል። ሙሉዎቹ ዘሮች በብዛት በዚያ ትልቅ ረዳት ላይ ይጣበቃሉ። ረዳቱ እነሱን ተሸክሞ ይዋኛል። ራሱ የሚወልደው የለም። የሚሸከማቸው ግን ይወልዳሉ። በጋዜጣችሁ «ፈጣኑ ዘር ያሸንፋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረ። ጃንቲና ላይ ፈጣን የሚባለው ማን ነው? ተሳፋሪዎቹ እየሮጡ አይደለም።

ስለ ረዳቶቹ ጥቅም ተመራማሪዎች የሚያቀርቡት ሐሳብ ከአንድ በላይ ነው። መሸከም አንዱ ነው። መመገብ ሌላው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ፉክክር ነው፤ አንዲት እንስት ከብዙ ተባዕት ስለምትቀበል፣ ረዳቱ ቦታ በመያዝ ወይም የሌላውን ዘር በማስቸገር የራሱን ወገን ይደግፋል የሚል ነው። ለሁሉም ቀንድ አውጣ የሚሆን አንድ መልስ የለም። እኔ በበኩሌ የመሸከሙ ነገር ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ጃንቲናን ያየ ሰው ሌላ ለማለት ይከብደዋል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የድሮ ስላይዶቼን አሰብኳቸው። ለኮርማ ሁለት ጅራት ጉድለት ነው፤ እሱ አልተለወጠም፤ ዛሬም ብሆን እደፋዋለሁ። ነገር ግን «ጤነኛ ዘር ይህን ይመስላል» የሚለው ሚዛን የከብት ሚዛን ነው። ወደ ባሕር ይዛችሁት ከወረዳችሁ ሠራተኛውን ሁሉ በሽተኛ ትሉታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ከኮርማው እስከ ጃንቲና አብዛኛውን ጊዜ አይለወጥም። ጅራቱን በአግድም ቆርጣችሁ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብታዩት ዙሪያውን ዘጠኝ ጥንድ ቀጫጭን ቱቦዎች፣ መሃሉ ላይ ሁለት ነጠላ ቱቦዎች ይታያሉ። ብዙ ጅራት ባለው ረዳት ዘርም እያንዳንዱ ጅራት ይህንኑ ይዟል። ይህ አሠራር በእንስሳት ብቻ አልተወሰነም። እንግሊዛዊቷ አይሪን ማንተንና ባልደረባዋ በ1952 ግልጽ አድርገው ካሳዩባቸው ነገሮች አንዱ ስፋግነም የሚባል የሞስ ዘር ነው። ሞስ እርጥብ ድንጋይና የዛፍ ግንድ ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚበቅለው ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1954 ፎሴትና ፖርተር በእንስሳት ሴሎች ላይ ያንኑ አሳዩ። ወፍ ዋሻ ጫካ የሄደ ሰው ዛፉን የሸፈነውን ሞስ አይቶታል። ከዝናብ በኋላ እዚያ ግንድ ላይ ጅራት ያላቸው ዘሮች በውኃ ጠብታ ውስጥ ይዋኛሉ። ከደብረ ሲና ዳገት ላይ ቆሞ ይህን ማሰብ ደስ ይላል።

ልጄን አንድ ጊዜ «ታዲያ በጀማ ድንጋይ ውስጥ ያሉት የድሮ ባሕር እንስሳት ዘራቸውን ማየት ይቻላል?» አልኳት። ሳቀችብኝ። በኖራ ድንጋይ ውስጥ የቀረው ቅርፊቱ ነው፤ ሥጋው በስብሷል። በአምበር ግን፣ ማለትም በጠጠረ የዛፍ ሙጫ ውስጥ፣ ሌላ ነው። በ2020 ከምያንማር በተገኘ ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው አምበር ውስጥ ኦስትራኮድ የምትባል ትንሽ የውኃ እንስሳ ተገኘች። አካሏ ውስጥ የተቀበለችው የወንዴ ዘር ተጠቅልሎ እንዳለ ነበር። ሰሜን ሸዋም አምበር አላት። ከዓለም ከተማ አካባቢ የተገኘው በ2010 ይፋ ሲሆን ዕድሜው ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ነበር። በኋላ እንደገና ሲመረመር ማዮሲን ወደሚባለው ዘመን፣ ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ወደሚሆነው፣ ዝቅ ተደረገ። ነፍሳትና ሸረሪቶች በውስጡ ተገኝተዋል። ስለ አምበሩ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ብታወጡ አንባቢ የምታጡ አይመስለኝም። ስለ መዘዞ ኦፓል ሁሉም ያወራል፤ ይኼኛውን ግን እዚሁ ያለነው እንኳ አናውቀውም።

«ምን ይጠቅማል?» ለሚለው ብዙ አልደክምም። ሸዋ ሮቢት ወርዶ ስለ ቢልሃርዝያ የጠየቀ ሰው የቀንድ አውጣ መራባት ምን እንደሆነ ይነገረዋል። በሽታውን የሚያሻግረው የወንዝ ቀንድ አውጣ ወንዴም ሴቴም በአንድ አካል ነው፤ አንዱ ብቻውን ቢተርፍ ራሱን በራሱ አዳቅሎ እንደገና ይበዛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ እንዶድ ያንን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት እኮ ለዚህ ጠላት ነው። በባሕሩ በኩል ደግሞ ለመርከብ ሆድ ይቀባ የነበረ ትራይቡቲልቲን የሚባል መርዝ ያለበት ቀለም ነበር። በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ እንስት ቀንድ አውጣዎች የወንድ ብልት ሲያበቅሉ ታየ። ቱቦአቸው ተዘግቶ እንቁላል መጣል አቅቷቸው ከብዙ ቦታ ጠፉ። ቀለሙ በዓለም አቀፍ ስምምነት ታገደ፤ ስምምነቱ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። ይህን ሁሉ ቀድሞ ያወቀው የቀንድ አውጣ አካል ሲቆራርጥ የሚውል ሰው ነው። ለእኔ ግን ባይጠቅምም ማወቁ ይበቃኝ ነበር።

ጥያቄዬ ትንሽ ነው። በሚቀጥለው እትም ሥዕሉን ቀይሩት። አንድ ሥዕል አይበቃም፤ ሦስት ይሁን። አንደኛው ውኃ ውስጥ የሚለቀው የሊምፔት ወይም የአባሎኒ፦ አጭር ራስ፣ ከሥሩ ድቡልቡሎቹ ማይቶኮንድሪያዎች፣ አንድ ጅራት። ሁለተኛው በአካል የሚገናኘው፦ ክር የመሰለ ራስ፣ የተጠመጠመው ክፍል፣ ቀለበቷ፣ ከዚያ የግላይኮጅኑ ክፍል። ሦስተኛው ረዳቱ። ሁለተኛው ወርዱ ጠባብ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ገጹ ላይ ተጋድሞ ቢቀመጥ ይሻላል፤ አጥፋችሁ እንዳታሳጥሩት። ከጎኑ የማይክሮሜትር መለኪያ መስመር ካላደረጋችሁ ደግሞ ሁሉም እኩል ይመስላል። የኮርማውንም አትጣሉት፤ ለማነጻጸር በትክክለኛ ስሙ አራተኛ አድርጉት።

ልጄ በእርሳስ የሣለችውን ንድፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ። ቀለም አልቀባችውም፤ የናንተ ሠዓሊ እንደፈለገ ያድርገው። ብቻ ሦስተኛው ላይ ጅራቱ በዝቷል፣ ተሳስታ ነው ብሎ እንዳይቀንስባት አደራ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የከብት አዳቃይ፤ ከደብረ ብርሃን